ለአራት ሰው ስቱዲዮ የዓመቱ የጌም ሽልማት ምን ያህል ያወጣል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። አራት ሆናችሁ የሠራችሁትን ጌም ለገበያ ልታቀርቡ ጥቂት ወራት ቀርቷችኋል። ለዓመታዊ ሽልማቶች መወዳደር የሚፈጀውን ጊዜና ገንዘብ ይመልሳል ወይ? ሽልማቶቹስ የእውነት ምርጡን ይለያሉ ወይስ ኪሱ የሞላ ስቱዲዮ የሚደምቅበት ትርኢት ናቸው? ከኋለኛው ልጀምር፤ የፊተኛው መልስ የሚወጣው ከእሱ ነው። ከታች የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሽልማት የጌምን ጥራት አይመዝንም። አንድ የድምፅ ሰጪ ቡድን፣ በራሱ ደንብ፣ እስከ አንድ የተቆረጠ ቀን ድረስ እጁ ከገቡት ጌሞች የትኛውን እንደመረጠ ነው የሚነግረን። የ2019ን ብቻ ማየት ይበቃል። ዘ ጌም አዋርድስ የተባለው ሽልማት ሴኪሮን መረጠ። የጎልደን ጆይስቲክ ዋና ሽልማት ለሬዚደንት ኢቭል 2 ሄደ። ባለሙያዎች ባለሙያዎችን የሚመርጡባቸው ዳይስ እና ጌም ዴቨሎፐርስ ቾይስ ደግሞ አንዲት ዝይ መንደር ስታምስ የምትውልበትን አንታይትልድ ጉስ ጌም የተባለ ትንሽ ጌም አነገሡ። የእንግሊዙ ባፍታ አውተር ዋይልድስን አለ። በአንድ ዓመት አራት "ምርጥ" ተገኘ፤ ከመራጮቹ ተሳሳተ የሚባል የለም። በ2023 ግን ባልደርስ ጌት 3 አምስቱንም ጠራርጎ ወሰደ። ጋዜጠኛው፣ ባለሙያውና ተራው ተጫዋች እንዲህ ሲስማሙ ስለ ጌሙ የሆነ ነገር ተምረናል። አንዱ ብቻ ሲመርጥ ግን ባብዛኛው የምንማረው ስለ መራጩ ነው።

ስለዚህ አንድ ሽልማት ይጠቅመናል ወይ ከማለታችሁ በፊት ማን ድምፅ እንደሚሰጥና ድምፁ እንዴት እንደሚቆጠር ደንቡን አውጥታችሁ አንብቡ። ዘ ጌም አዋርድስ ከ2014 ጀምሮ በጄፍ ኪሊ አዘጋጅነት የሚካሄድ ሲሆን መራጮቹ ከመቶ የሚበልጡ የመገናኛ ብዙኃን ናቸው። እያንዳንዱ ተቋም በየዘርፉ አምስት ጌሞችን ይጽፋል። በብዙ ወረቀት ላይ የተገኙት ዕጩ ይሆናሉ፤ ከዚያ አሸናፊው በሁለተኛ ዙር ድምፅ ይለያል። በሁለተኛው ዙር 90 በመቶው የዳኞች፣ 10 በመቶው የሕዝብ ድምፅ ነው።

ለትንሽ ስቱዲዮ ወሳኙ የመጀመሪያው ዙር ነው። መቶ ተቋማት አሉ እንበል። የእናንተን ጌም የተጫወቱት አሥራ ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ አሥራ ሁለቱም ከዓመቱ ጌሞች ሁሉ አስበልጠውታል። ሌላ ጌም ሰማንያዎቹ ጋር ደርሷል፤ ከእነሱ ውስጥ ሃምሳዎቹ "መጥፎ አይደለም" ብለው አራተኛ ወይም አምስተኛ አድርገው ጻፉት። ቆጠራው 50 ለ12 ነው፤ ዕጩው ያኛው ይሆናል። የቆጠራው ዘዴ የሚሸልመው ብዙ ሰው ዘንድ መድረስን ነው። ጌማችሁ ካልተመረጠ "አልወደዱትም" ብላችሁ አትደምድሙ፤ በአብዛኛው አልተጫወቱትም።

የሕዝቡ 10 በመቶስ? ድምፁ በመቶኛ ተሰልቶ ይደመራል ብለን እናስላው። አንዱ ጌም ከዳኞች 40፣ ከሕዝብ 20 በመቶ ቢያገኝ 36 እና 2 ተደምሮ 38 ይሆናል። ሁለተኛው ከዳኞች 35፣ ከሕዝብ 70 በመቶ ቢያገኝ 31.5 እና 7 ተደምሮ 38.5 ነው፤ አሸነፈ ማለት ነው። የሕዝቡ ድምፅ ዳኞቹ ተቀራርበው ሲለያዩ ሚዛን ይደፋል፣ ዳኞቹ በግልጽ አንድ ወገን ሲሆኑ ግን የሚለውጠው ነገር የለም። ተከታዮቻችሁን "ግቡና ድምፅ ስጡልን" እያላችሁ ማድከም እንግዲህ የሚያዋጣው ዕጩ ከሆናችሁ በኋላ ብቻ ነው፤ ያኔም ቢሆን አንድ ጊዜ፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ።

ሙሉ በሙሉ ሕዝብ የሚመርጥባቸው ሽልማቶች ሌላ ነገር ናቸው። ጎልደን ጆይስቲክ ከ1983 ጀምሮ በዋናነት የተጫዋቾች ድምፅ ነው፤ የስቲም ሽልማት በ2016 የተጀመረ፣ ስቲም የተባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ደንበኞች ምርጫ ነው። እዚህ የሚያሸንፈው ብዙ ባለቤት ያለው ጌም ነው። የ2023ቱ የስቲም ውጤት ጥሩ ማሳያ ነው። ለዓመታት እየታደሰ ለሚኖር ጌም የተመደበው ሽልማት ለሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ተሰጠ፤ አሳታሚው ግን ለኦንላይኑ ክፍል ትልልቅ ማሻሻያ ማውጣት እንደሚያቆም ያሳወቀው በ2022 ነበር። "እጅግ ፈጠራ የታየበት አጨዋወት" የሚለውን ደግሞ ስታርፊልድ ወሰደ፤ ተጫዋቾቹ ራሳቸው ሲስቁበት ከረሙ። ከቀልድም የሆነ ከግዴለሽነት፣ ብዙዎቹ መራጮች የዘርፉን ትርጉም አንብበው ሳይሆን የሚያውቁትን ስም አይተው ነው የጫኑት። አራት ሰዎች እዚህ ሜዳ ላይ ጊዜ ማጥፋት የለባቸውም።

የባለሙያዎቹ ሽልማቶች፣ ማለትም ከ1998 ጀምሮ ያለው ዳይስ፣ ከ2001 ጀምሮ ያለው ጌም ዴቨሎፐርስ ቾይስ እና ባፍታ፣ ለትንሽ ጌም የተሻለ በር አላቸው። አኒሜሽን ለሠራ ሰው የሌላውን አኒሜሽን ማየት ሥራው ነው፤ የጌሙን የማስታወቂያ በጀት አያይም። በ2023 ባፍታ ምርጥ ጌም ብሎ ቫምፓየር ሰርቫይቨርስን ሲመርጥ የተሸነፈው ኤልደን ሪንግ ነበር፤ ከወራት በፊት ዘ ጌም አዋርድስን ያሸነፈው ያው ኤልደን ሪንግ። አንድ ሰው ጀምሮት በጥቂት ብር የሚሸጥ፣ ስዕሉ የድሮ ጌም የሚመስል ነገር ነው እንዲህ ያደረገው።

ከሁሉ በላይ ለእናንተ የምመክረው ግን ራሳችሁ ጌሙን የምታስገቡበትንና ዳኞች እንዲጫወቱት የሚመደቡበትን ነው። ኢንዲፔንደንት ጌምስ ፌስቲቫል ዋነኛው ነው፤ ሽልማቱ የሚሰጠው በየዓመቱ ሳን ፍራንሲስኮ በሚካሄደው የጌም ሠሪዎች ጉባኤ ላይ ነው። አውተር ዋይልድስ የዚህን ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት የወሰደው በ2015 ነው፤ ጌሙ ተጠናቆ የወጣው በ2019። አራት ዓመት ሙሉ ስሙን ይዞለት የሄደ ሽልማት ነበር፤ አሳታሚ ለማነጋገርም ገንዘብ ለማሰባሰብም እንደ መታወቂያ አገልግሏል። ያለቀ ጌም ላይ የሚሰጥ ዋንጫ ይህን ሊያደርግ አይችልም። ገና በመሠራት ላይ ያለ ጌም የሚቀበል ውድድር ካገኛችሁ ቅድሚያ ስጡት።

"ኢንዲ" (ከትልልቅ ኩባንያዎች ነፃ የሆነ ሥራ) የሚለውን ዘርፍ ስም አይታችሁ ግን ቦታችን ነው አትበሉ። በ2023 ዘ ጌም አዋርድስ ላይ ዴቭ ዘ ዳይቨር ለምርጥ ኢንዲ ጌም ታጭቶ ነበር፤ የሠራው ስቱዲዮ የትልቁ የጌም ኩባንያ የኔክሰን ንብረት ነው። በ2025 ደግሞ እዚያው ክሌር ኦብስኩር የዓመቱን ምርጥ ጌምም፣ የኢንዲውንም፣ የመጀመሪያ ሥራ ኢንዲውንም ጠቅልሎ ወሰደ። ጌሙ ይገባዋል፣ አልከራከርም። የአራት ሰው ሥራ ግን ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር በአንድ ዘርፍ ሲሰለፍ ዘርፉ ለማን እንደቆመ ግልጽ አይደለም። በቡድን መጠን ወይም በበጀት ጣሪያ የሚለዩ ውድድሮችን ፈልጉ፤ ጣሪያው በቁጥር ካልተጻፈ ጣሪያ የለም ማለት ነው።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሽልማት ሽያጭ ያመጣል ወይ? ያመጣል፤ ምን ያህሉ የሽልማቱ እንደሆነ ለመለየት ግን ይከብዳል። ኢት ቴክስ ቱ በኦክቶበር 2021 ሦስት ሚሊዮን ኮፒ መሸጡ ተገለጸ፤ በዲሴምበር የዓመቱ ምርጥ ጌም ተባለ፤ በፌብሩዋሪ 2022 አምስት ሚሊዮን ደረሰ፣ በዓመቱ አሥር ሚሊዮን። ባላትሮ በዲሴምበር 2024 ሦስት ሽልማት ይዞ ወጣ፤ ያን ሰሞን 3.5 ሚሊዮን የነበረው ሽያጩ በጃንዋሪ አምስት ሚሊዮን ሆነ። ቁጥሮቹ ዓይን ይስባሉ። ነገር ግን ያው ወቅት የዓመቱ ትልቁ የቅናሽ ወቅትም ነው፣ ሰው ስጦታ የሚገዛበትም፣ ባላትሮም በስልክ ላይ ከወጣ ጥቂት ወራት ብቻ የሆነው ነበር። ደግሞ ሁለቱም ከሽልማቱ በፊት በሚሊዮን የሸጡ ናቸው። ሽልማት የሚሄድን ጌም ያፋጥናል፤ የቆመን ጌም ሲያስነሳ የምናየው ከስንት አንዴ ነው።

የዘ ጌም አዋርድስ አዘጋጆች በ2024 ሥርጭቱ 154 ሚሊዮን ጊዜ መታየቱን ተናግረዋል። ከዚህ ተነሥታችሁ "አንድ በመቶው እንኳ ቢገዛን" የሚል ስሌት እንዳታስቡ። የተቆጠረው የሥርጭት ብዛት እንጂ የሰው ብዛት አይደለም፤ ያ ሰው የመጣውም ባብዛኛው አዳዲስ ትሬይለር (የጌም ማስተዋወቂያ ቪዲዮ) ለማየት ነው። በ2023 ተሸላሚዎች ለንግግር ሠላሳ ሰከንድ ያህል ብቻ ተሰጥቷቸው "አሳጥሩ" የሚል ጽሑፍ ፊታቸው ሲበራ የዓመቱን ምርጥ ጌም የሠራው ስቱዲዮ ኃላፊ ስቬን ቪንከ እንኳ አልተረፈም። ትናንሽ ዘርፎች ደግሞ መድረክ ሳይወጡ በንባብ ያልፋሉ።

ለዚህ ነው ለእናንተ ከማሸነፍ ይልቅ መታጨት የሚበልጠው የምለው። ዕጩዎች የሚታወቁት ከሥነ ሥርዓቱ ሦስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ስማችሁ በየዝርዝሩ፣ በየግምቱ፣ በየክርክሩ ይነሣል። የማሸነፉ ዜና ግን በማግስቱ ለትልልቆቹ ስሞች ቦታ ይለቃል። ሥራው ሁሉ ተጠናቅቆ መቆየት ያለበት ዕጩዎች ለሚገለጹበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ትናንሽ ቡድኖች የሚሰናከሉበት የስቲም ደንብ አለ። ከአንድ ቅናሽ ማብቂያ እስከ ቀጣዩ 30 ቀን መቆየት ግዴታ ነው፤ ከዚህ ነፃ የሆኑት አራቱ ወቅታዊ ቅናሾች ናቸው። ጌማችሁን በዊሽሊስቱ (ወደፊት ሊገዛቸው በሚያስባቸው ጌሞች ዝርዝር) ላይ ላስቀመጠ ሰው ኢሜይል የሚላከው ደግሞ ቅናሹ 20 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። እንግዲህ በኖቬምበር 5 የሚያልቅ የ10 በመቶ ቅናሽ አደረጋችሁ እንበል። ኢሜይል አልተላከም፣ በኖቬምበር አጋማሽ ስትታጩም እስከ ዲሴምበር መጀመሪያ ድረስ እጃችሁ ታስሯል። ከኦክቶበር አጋማሽ ወዲህ ምንም ቅናሽ አታድርጉ። ዕጩነቱ ሲነገር 20 ወይም 25 በመቶ አድርጋችሁ ለአንድ ሳምንት ክፈቱት፤ በዲሴምበር መጨረሻ የክረምቱ ወቅታዊ ቅናሽ ስለሚመጣ ያኛውን አያግድባችሁም።

ሌላው፣ ከሴፕቴምበር 2022 ጀምሮ ስቲም በመደብሩ ዋና የጌም ምስሎች ላይ የሽልማት አርማም ሆነ ስም መለጠፍ ከልክሏል። አሁንም በዘንባባ ቅጠል የተከበበ "አሸናፊ" የሚል ምስል ሰቅለው ገጻቸው ከማስተዋወቂያ ቦታ የሚወጣባቸው አሉ። ሽልማቱን በገጹ የጽሑፍ መግለጫ መጀመሪያ ላይ፣ በዜና ማስታወቂያው እና በትሬይለሩ የመጀመሪያ ሰከንዶች ውስጥ አስገቡት። የትሬይለሩን አዲስ ቅጂ "ዕጩ" በሚልም "አሸናፊ" በሚልም ቀድማችሁ ሠርታችሁ አስቀምጡ፤ በዋዜማው ሌሊት ቪዲዮ መቁረጥ ሲጀመር ነው ስህተት የሚገባው።

ስለ ማስገቢያው ጥቅል ትንሽ ልዘርዝር። አንድ ዳኛ በእጁ በደርዘን የሚቆጠር ጌም አለው፤ ጌማችሁን የሚያየው በሥራ መሐል ወይም ማታ ደክሞት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃዎች ሁሉንም ይወስናሉ። ጌማችሁ የሚያምረው አራተኛው ሰዓት ላይ ከሆነ ሦስት የተቀመጡ መነሻዎች አብራችሁ ላኩ፦ ከመጀመሪያው፣ ከመሐሉ፣ ከሚያኮራችሁ ቦታ። የት የት እንዳሉ በአንድ ገጽ ጽሑፍ ንገሩት። ሳይቆረጥ የተቀረጸ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ የሚሆን የአጨዋወት ቪዲዮም ይኑር፤ ዳኛው አንድ እንቆቅልሽ ላይ ቢቆምበት ቀሪውን በቪዲዮ ያያል፣ ያለ ቪዲዮ ግን ዘግቶት ይሄዳል።

ቢልዱን (ለዳኞች የምትልኩትን የጌሙን ቅጂ) ጌሙን ካልሠራችሁበት ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። በተደጋጋሚ የሚበላሸው ነገር የታወቀ ነው። የኮምፒውተሩ ተጠቃሚ ስም በላቲን ፊደል ካልተጻፈ የማስቀመጫው ፎልደር አድራሻ አይነበብም፣ ጌሙም ማስቀመጥ ሲሞክር ይዘጋል። ይህን ለማየት በአማርኛ የተሰየመ የዊንዶውስ አካውንት ከፍታችሁ አንዴ ማስነሣት ይበቃል። ፊርማ የሌለው ፋይል በቀጥታ ስትልኩ ዊንዶውስ ያስጠነቅቃል፣ አንዳንድ ዳኛ እዚያው ይተወዋል፤ ስለዚህ ጌሙን በስቲም የሚከፍት ኮድ መላክ ይሻላል። ኮድ ስትጠይቁ ከመውጫው ቀን በፊት የሚሠራውን ዓይነት ምረጡ፤ የተለመደው ዓይነት ጌሙ እስኪወጣ አይከፈትም፣ ዳኛውም "አልሠራም" ብሎ መልሶ አይጽፍላችሁም። የኢንተርኔት መግቢያ የሚጠይቅ ነገር ካለ አጥፉት።

የማስገቢያ ቅጹን ጥያቄዎች እንደ ሕጋዊ ሰነድ አንብቡ፣ በተለይ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጠይቀውን። በዲሴምበር 2025 ዘ ኢንዲ ጌም አዋርድስ ለክሌር ኦብስኩር የሰጣቸውን ሁለት ሽልማቶች መልሶ ወስዷል፤ ምክንያቱ በጌሙ ሥራ ላይ አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀሙ ነው። ለጊዜው ብላችሁ ያስቀመጣችሁት አንድ የግድግዳ ምስል እንኳ በዚህ ሊያስጠይቅ ይችላል። ምን፣ የት፣ መቼ እንደተጠቀማችሁ የሚያሳይ ዝርዝር ከአሁኑ ያዙ፤ ምንም ካልተጠቀማችሁም ያንን ጻፉ።

ቀኑ ሌላው ትልቅ ጉዳይ ነው። የዘ ጌም አዋርድስ ማብቂያ በኖቬምበር ላይ ይውላል፤ ከዚያ በኋላ የወጣ ጌም ወደ ቀጣዩ ዓመት ይሻገራል። ሱፐር ስማሽ ብሮስ አልቲሜት በዲሴምበር 2018 ወጥቶ የምርጥ ፍልሚያ ጌም ሽልማቱን የወሰደው በ2019 ነው። ኒንቴንዶ ይህን ይችለዋል፤ ስማሽ ብሮስን በዓመቱ የሚረሳ የለም። እናንተ ግን በኦክቶበር መጨረሻ ብታወጡ ከሁሉ የከፋው ቦታ ላይ ናችሁ፦ ለዚህ ዓመት ትቆጠራላችሁ፣ ማንም ግን ጌማችሁን ሳይጫወት የድምፅ ወረቀቱ ይሞላል። "በዓመቱ መጀመሪያ የወጣ ይረሳል" የሚለውን ወሬ አትስሙ። ባላትሮም ኤልደን ሪንግም የወጡት በፌብሩዋሪ ነው፣ ኢት ቴክስ ቱ በማርች። ለትንሽ ጌም ከአፍ ወደ አፍ የሚሄድበት ስምንት፣ ዘጠኝ ወር ከምንም ማስታወቂያ ይበልጣል።

ከታጫችሁ ወይም ስማችሁ መጠራት ከጀመረ በኋላ ደግሞ አጭበርባሪ ይመጣል። አንደኛው ዓይነት "የውድድሩ ዳኛ ነኝ፣ አምስት ኮድ ላኩልኝ" ይላል፤ የኢሜይል አድራሻው ከእውነተኛው በአንድ ፊደል ይለያል፣ ኮዶቹም በማግስቱ ሲሸጡ ታያላችሁ። ኮድ ከመላካችሁ በፊት በውድድሩ ዋና ገጽ ላይ ባለው አድራሻ ጠይቁ፣ ለአንድ ሰውም ከአንድ ኮድ በላይ አትስጡ። ሁለተኛው ዓይነት ያልተወዳደራችሁበትን ሽልማት እንዳሸነፋችሁ ያበሥርና ለዋንጫው፣ ለሰርተፍኬቱ ወይም ለእራት ግብዣው ክፈሉ ይላል። ዳኞቹ በስም ካልተገለጹ፣ ያለፈው ዓመት አሸናፊዎች ከተፎካካሪዎቻቸው ጋር ካልተዘረዘሩ፣ ዘርፎቹም ከመቶ ከበለጡ መልስ አትስጡ።

አሳታሚ ካላችሁ የውሉን ጉርሻ አንቀጽ አንብቡ። ፎልአውት ኒው ቬጋስን የሠራው ኦብሲዲያን የተቺዎችን ነጥብ በሚያሰባስበው ሜታክሪቲክ ድረ ገጽ 85 ቢያገኝ ጉርሻ ሊከፈለው ተዋውሎ 84 አገኘ፤ ጉርሻውም ቀረ። ያ የግምገማ ነጥብ ነው፣ ዕጩነት ደግሞ ከዚያም የባሰ በዕድል የሚንጠለጠል ነው። ጉርሻውን በሽያጭ ብዛት ላይ እንዲያደርጉላችሁ ጠይቁ።

በቁጥር ስናስቀምጠው፣ የመጀመሪያውን ጥቅል ማዘጋጀት አንድን ሰው አምስት፣ ስድስት የሥራ ቀን ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ማስገቢያ ከግማሽ ቀን እስከ አንድ ቀን ነው። ጥቅሉ ለጋዜጠኛም፣ ለአሳታሚም፣ ለመደብር ገጽም ስለሚያገለግል ያ ሳምንት የትም አይጠፋም። ዳኞች ተመድበው የሚጫወቱባቸውን ሦስት ወይም አራት ውድድሮች ምረጡ፤ አንዱ ገና ያላለቀ ጌም የሚቀበል ይሁን። የመግቢያ ክፍያው ድምር ከቀራችሁ የማስታወቂያ ገንዘብ ከሃምሳ አንዱን ካለፈ አንዱን ውድድር ሰርዙና ገንዘቡን ጌሙን ወደ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ለማስተርጎም አውሉት።